አርባ ሦስት ያልተለኩ ሰዓታት

ባለፈው ዓመት የቼሪው አበባ እስኪረግፍ ድረስ ሁኔታው እንዲህ ነበር። በሥራ ጠረጴዛዬ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ደብተር አለ። በደብተሩ ውስጥ ሰባት መቶ ሃያ ቁጥሮች አሉ። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ አሥራ ሁለት ልጆች በታካሱ ሐይቅ ዳር ሠላሳ ቀን ሰፍረን የለካነው የውሃ ሙቀት ነው። ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ አንዳችን በጀልባ ሐይቁ መሃል ወደታሰረው መንሳፈፊያ እየቀዘፍን ቴርሞሜትሩን በገመድ አሥራ ሁለት ሜትር እናወርድ ነበር። እያንዳንዳችን በቀን የሁለት ሰዓት ድርሻ ነበረን፤ በሠላሳ ቀን ስልሳ ስልሳ ቁጥር ማለት ነው። ከሰባት መቶ ሃያው አንዱንም ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር።

የዕድሜ ልክ ሥራዬ የተወለደው ከዚያ ደብተር ነው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ብርቱ ነፋስ ነፈሰና በማግስቱ ጸጥ አለ። ሐይቁ ከላይ መስታወት መስሎ ሳለ፣ ከታች ያለው ውሃ ግን ለሦስት ቀን በየአሥራ አንድ ሰዓቱ ገደማ ይሞቅና ይቀዘቅዝ ነበር። ነፋሱ ሞቃቱን የላይ ውሃ ወደ አንድ ዳር ገፍቶት ኖሮ፣ ሲለቀው ልክ በገንዳ እንደተናወጠ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እኛ «የሐይቁ ትንፋሽ» አልነው። በደብተሩ ላይ ስድስት ትንፋሽ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው የጥናት ጽሑፌ እሱ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሐይቆችን ትንፋሽ ስለካ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

የክፍላችን ጸሐፊም እኔ ነኝ። በየሦስት ዓመቱ ለሁሉም የመልስ ካርድ የተያያዘበት የስብሰባ መጥሪያ ፖስትካርድ እልካለሁ። በመልሱ ላይ «እመጣለሁ»፣ «አልመጣም» የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ አራት ጣት የምትሆን፣ «ሰሞኑን እንዴት ነህ?» የምትል ሳጥን። ሳጥኗ ውስጥ የሚጻፈውን ሰብስቤ ትንሽ መጽሔት አሳትማለሁ። ድሮ ሹመትና ሠርግ ነበር የሚጻፍባት። አሁን ጉልበት፣ የልጅ ልጅ፣ የዓይን ሞራ፣ የሞተ ውሻ ነው።

የኦኩዴራ ፖስትካርድ የደረሰኝ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኦኩዴራ ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥቶ ካኪ የሚባል ፍራፍሬ የሚያለማ፣ በካምፑ የጠዋት አራትና አምስት ሰዓት ተረኛ የነበረ ጓደኛችን ነው። ጽሑፉ ከሳጥኗ ሞልቶ፣ ጠርዙን ዞሮ፣ አድራሻው ጎን ደርሶ ነበር።

«ጉልበቴ ደህና ነው። ሦስተኛ የልጅ ልጅ መጣችልኝ። ካኪው ዘንድሮ ጥሩ ነበር። ኩዋባራ፣ በመከር ጊዜ በሬዲዮ ስትናገር ሰማሁህ። 'ሰባት መቶ ሃያውም አንድ ሳይቀር በእጅ የተለኩ ናቸው' ስትል ካኪ የምልጥበት ቢላ ጣቴን ቆረጠኝ። እኔ ዘጠኙን አልለካሁም። የከተማችን ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገር አቀፉ የቤዝቦል ውድድር የደረሰበት ዓመት ነበር፤ ሶባ ፓስታ የሚሸጥ ምግብ ቤት ገብቼ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። የእኛዎቹ ከተሸነፉ በኋላም መተው አቃተኝ። ከፈቀድክልኝ እመጣለሁ።»

አራት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሩን አውጥቼ አሥራ ሰባተኛውን ቀን ገለጥኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ 9.7። አራት ሰዓት፦ 9.6። አምስት ሰዓት፦ 9.5። ስድስት ሰዓት፦ 9.1። በመጀመሪያው ጽሑፌ ውስጥ «በቀትር የታየው ድንገተኛ መቀዝቀዝ» የሚል አንቀጽ አለ። ያንን መቀዝቀዝ ለማስረዳት አሥራ አንድ መስመር ጽፌ ነበር።

ስልክ ደወልኩ።

«አቤት ጌታዬ» አለ ኦኩዴራ፤ ቁጥሬን አይቶ ኖሮ ድምፁ የተከሳሽ ሆኗል።

«በአሥራ ሰባተኛው ቀን አራትና አምስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ዘጠነኛው ዙር ላይ። አቻ ለአቻ።»

«ታዲያ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

«የፊተኛውን አየሁና ትንሽ ቀነስኩለት። ብዙ እንዳይነቃብኝ ብዬ በጣም ጥቂት ነው የቀነስኩት። ኩዋባራ፣ ተቆጣህ እንዴ?»

«ገና አላወቅሁም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ባለቤቴ ፉሚኤ ከኋላዬ ቆማ ሻይ ትቀዳለች። «አንተ ሰውዬ ምን ሆንክ? ፊትህ እንደ ግድግዳ ነጣ።»

ነገርኳት። የሐይቁ ትንፋሽ ውሸት ከሆነ፣ ጽሑፌን ተሳስቻለሁ ብዬ ማንሳት አለብኝ አልኳት።

«ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ሐይቅ ለክተህ የለ? አልተነፈሱም?»

«ተነፍሰዋል።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

«የእነሱ መተንፈስ ታካሱ መተንፈሱን አያረጋግጥም። ምናልባት እውነቱን የተናገርኩት በዕድል ይሆናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዕድል!»

«እኔም ያገባሁህ በዕድል ነው» አለች ፉሚኤ፤ «ግን መልሼ አላነሳሁም።»

በዚያው ሳምንት ለሁሉም ሁለተኛ ደብዳቤ ላክሁ። የየአንዳንዱን ስልሳ ቁጥሮች ከደብተሩ ፎቶ ኮፒ አንስቼ አያያዝኩበትና እንዲህ ጻፍኩ፦ «ያልለካችሁትን በቀይ አክብቡት። ማንም አይወቀስም። ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ አይደለም። የሰሞኑን ሁኔታችሁን ከጀርባው ጻፉ።»

ምክንያት አያስፈልግም ብዬ ሳለ ሁሉም ምክንያት ጻፉ። በፖስትካርድ አርባ አምስት ዓመት ያልነገሩኝን በዚህ ወረቀት ጀርባ ነገሩኝ። በብረት ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛው ዳሌዬም ተቀየረ፤ አሁን ከወገብ በታች አዲስ ነኝ። አራት ክብ አለኝ። ሁለቱ እንቅልፍ ናቸው። ሁለቱ የጀልባ አከራዩ ልጅ ናት። እሷም ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ 'እኔን በቀይ አታክብበኝ' ትላለች።» ሌላው አምስት አክብቦ፣ አሁን የመንደሩ ዕድር ሰብሳቢ መሆኑንና ይህን ለመንደሩ ሰው እንዳልናገርበት ለመነኝ።

ናሩሴ ብቻ አንድም አላከበበችም። ናሩሴ በክፍላችን ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተምራለች፤ ካምፑ ላይ ከእኔ ቀድማ ከሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ላይ ትለካ ነበር። ከጀርባው ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ሰሞኑን ደህና ነኝ። አንድ ነገር አለኝ፤ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ።»

የዝናቡ ወቅት ሊገባ ሲል በታካሱ ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለምሳ ተሰበሰብን። በሕይወት ያለነው አሥራ አንዳችንም መጣን፤ እንዲህ ሞልተን ስንገኝ የመጀመሪያችን ነው። አሥራ ሁለተኛው ሺባታ ከሰባት ዓመት በፊት አርፏል። የማረፊያው እመቤት ምንጣፍ ላይ ልታስቀምጠን ስትል አሥራ አንድ ሰው በአንድ ድምፅ «ወንበር!» አለ።

ኦኩዴራ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ትልቅ የደረቀ ካኪ ካርቶን ታቅፏል።

«ግባ እንጂ፣ ወንጀለኛው» አለ ጹኩዳ። ጹኩዳ በኢንሹራንስ ሥራ የኖረ፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው።

«አንተ ስንት አከበብክ?» አለው ኦኩዴራ።

«ስድስት።»

«ታዲያ አጠገቤ ተቀመጥና ዝም በል!»

ዓሣው ከመቅረቡ በፊት ሥራው ይቅደም ብዬ ባለ ካሬ ወረቀት ዘረጋሁ። ጥያቄው አንድ ነው አልኳቸው፦ ያልተለኩት ቁጥሮች ወጥተው ትንፋሹ ይኖራል ወይስ አይኖርም? ከሌለ ጽሑፌን አነሳለሁ። ማንም አልሳቀም። የብረት ፋብሪካው መሐንዲስ መነጽሩን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

መጀመሪያ የሺባታ ነገር መጣ። የእሱ ድርሻ ምሽት ሁለትና ሦስት ሰዓት ነበር፤ እሱን መጠየቅ አይቻልም። ማረጋገጫ የሌለውን ቁጥር ላጸድቅ አልችልም አልኩ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ጹኩዳ። «ሺባታ ጨለማ ይፈራ አልነበር እንዴ? ደርሶ እስኪመለስ እየዘፈነ አይደል የሚቀዝፈው?»

«ያ ድምፅ!» አለ ኦኩዴራ። «ያልተቀባ የብረት በር። እሱ ሳይመለስ ማን ይተኛ ነበር?»

«ያልዘፈነበት ምሽት ነበር?» አልኩ።

አሥር ሰው ተያየ። አንድም እንዳልነበር ሁሉም መሰከሩ። ስልሳውንም አጸደቅሁለት።

ከዚያ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረስን። ስድስተኛው ትንፋሽ ጫፉ ላይ የደረሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት የጹኩዳ ነው፤ ሁለቱም ላይ ቀይ ክብ አለ።

«እዚህ ላይ ግማሽ ዲግሪ ጨምረሃል» አልኩት። «ለምን?»

«ቀኑ ይፋጃል! እኔ ጥላ ሥር ተጋድሜ እንዲህ ካላበኝ፣ ውሃውማ እንዴት ይሁን ብዬ።»

«በአሥራ ሁለት ሜትር ጥልቀት?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ለዚህ አይደል ኢንሹራንስ ሥራ የገባሁት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ግን ስድስተኛውን ትንፋሽ በእርሳስ ሰረዝኩት። ከጎንና ጎኑ ያሉት እውነተኛ ቁጥሮች ምንም እብጠት አላሳዩም። ትንፋሽ አልነበረም፤ የጹኩዳ ላብ ነበር።

«ከቀሩት ትልቁ ሦስተኛው ነው» አልኩ። «እሱ አስተማማኝ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። እኔ ራሴ የለካሁት።»

«በሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ትኩሳት እየቀዘፍክ» አለ ኦኩዴራ። «ሬዲዮ ላይም ብለኸዋል።»

ናሩሴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ኩዋባራ፣ አንድ ነገር አለኝ ያልኩህ ይሄ ነው። አንተ አልቀዘፍክም።»

«እንዴት አልቀዘፍኩም?»

«የበላኸው ዓሣ ተጣልቶህ ብርድ ልብስ ውስጥ ትቃዥ ነበር። ልቀሰቅስህ መጣሁ፤ ግንባርህን ነካሁና ተውኩህ። እኔ መንሳፈፊያው ላይ ሁለት ሰዓት ጨምሬ የአሥራ አንዱንም የአሥራ ሁለቱንም ለካሁ።»

«የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው!»

«ሰባት ቁጥርህ መቆፈሪያ ነው የሚመስለው፤ ሕፃን ልጅ ይገለብጠዋል። ያለ ተረኛው እጅ ቁጥር አትቀበልም ነበር እኮ። የራስህን ደግሞ መጀመሪያ ትሰርዘው ነበር።»

ይህም እውነት ነው። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነስተህ ደብተሩን አየህና እንዴት አድርገህ እንደቀዘፍክ ለሁሉም መተረክ ጀመርክ። ማዕበሉ፣ የእጅህ መንቀጥቀጥ፣ ምኑ ቅጡ! እንዲህ ደስ ብሎህ አይተንህ አናውቅም። ነገ እንነግረዋለን ተባባልን። ነገ ደግሞ...» እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች፤ አርባ አምስት ዓመቱ ከደጅ የቆመ ይመስል።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

አሥሩም ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ይህን ታሪክ በሠርጌ ላይ ተናግሬዋለሁ። በጡረታ ስንብቴ ላይ ተናግሬዋለሁ። ማዕበሉ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ በዚያ ንጋት ነፋስ እንዳልነበረ በናሩሴ እጅ ተጽፏል። ይህን አርባ አምስት ዓመት አላስተዋልኩም።

እርሳሴን አነሳሁ። «ቴርሞሜትሩን በዓይንሽ ትክክል ይዘሽ ነው ያነበብሽው?»

«እንዴት ያለኸው ነህ አንተ! በባትሪ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ።»

«ሳታነቢው አራት ደቂቃ አቆይተሽዋል?»

«አምስት። ለአንተ ስል።»

«እንግዲያው ቁጥሩ ጸድቋል» አልኩና በቁጥሩ አጠገብ የእኔን ስም ሰርዤ የእሷን ጻፍኩ። እመቤቲቱ ዓሣውን ይዛ ስትገባ አሥራ አንድ አዛውንቶች እያጨበጨቡ ነበር፤ ሰው የተሾመ መስሏት እንኳን ደስ ያላችሁ አለች።

ከምሳ በኋላ የብረት ፋብሪካው መሐንዲስ አሰላ፣ እኔ ቁጥሮቹን ነጠብ ነጠብ አድርጌ አሰፈርኩ፣ ናሩሴ ሁለታችንንም አረመች። መስመሩ ሲወጣ ኦኩዴራ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር። አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። ከጹኩዳ በስተቀር ቁጥር የፈጠረው ሁሉ ፈሪ ነው፤ እንዳይነቃበት ከፊተኛው ብዙ ሳይርቅ ነው የጻፈው። ስለዚህ የውሸት ቁጥሮቹ ትንፋሹን የፈጠሩት አልነበሩም፤ ጫፉን ሲቆርጡ፣ ጉድጓዱን ሲሞሉ የኖሩ ናቸው። እነሱ ሲወጡ የቀሩት አምስቱ ጠለቅ ጠለቅ፣ ከፍ ከፍ አሉ። በቀትር የነበረው ድንገተኛ መቀዝቀዝም ጠፋ፤ ውሃው ከጠዋቱ ሦስት ጀምሮ ቀስ እያለ ነበር የቀዘቀዘው፤ የሚያየው ሰው ብቻ ነው ያልነበረው።

«እና?» አለ ኦኩዴራ። «አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አልኩት። «አንተ ሸፍነኸው ነበር።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ በሁለተኛው ቀን እናዘዝልህ ነበር» አለና የካኪውን ካርቶን ወደ እኔ ገፋው። ከዚያ ወዲያ ቤዝቦል ነበር የተወራው። የኦኩዴራ ትምህርት ቤት ያን ጨዋታ በዘጠነኛው ዙር አሸንፎ እንደነበር ያኔ ሰማሁ።

መጽሔታችን በዚያ ወር ወጣ፤ ጉልበቱም፣ የልጅ ልጁም፣ ቀይ ክቡም ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ፈቅደው፣ ታትሞበታል። ስለ ዕድሩ ሰብሳቢ ብቻ ስም አልጠቀስኩም። ለሐይቅ አጥኚዎች ማኅበር መጽሔት ደግሞ የሁለት ገጽ እርማት ላክሁ፤ በመከር ወጣ። ከሥሩ የሺባታን ጨምሮ የአሥራ ሁለታችንም ስም አለ። እርማቱ እንደሚለው ከሰባት መቶ ሃያ ልኬቶች አርባ ሦስቱ ተሰርዘው ስድስት መቶ ሰባ ሰባቱ ጸንተዋል። የትንፋሹ ቁጥር ከስድስት ወደ አምስት ወርዷል፤ መጠኑ ከአንድ ነጥብ አንድ ዲግሪ ወደ አንድ ነጥብ አራት ከፍ ብሏል፤ የአንዱ ትንፋሽ ርዝመት አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው፤ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም።