የአስተርጓሚዋ አደራ

ቅዳሜ፣ የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የድሬዳዋው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ሲገባ ጮኸ፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛም የተማከረ ይመስል ዝም አለ። ፈለቀች ግን ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣውን ድምፅ ትጠብቅ ነበር። ባሏ ጠበቃ አምባው በዚህች ሰዓት ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ያይና "ዛሬም ዘገየ" ይል ነበር። ዕለቱ ሠልስቱ ነበርና የሚል አልተገኘም።

የአምባውን ወንበር ማን ከቢሮው እንዳወጣው አታውቅም። ለእንግዳ መቀመጫ ያነሰ መስሏቸው አምጥተውት ይሆናል፤ ሆኖም ባለመደገፊያው ወንበር ድንኳኑ መካከል ባዶውን ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ እየሸሸ እዚያው ያርፋል።

የሟቹ እህት ብዙወርቅ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ የሚያወሩትን ሰምታ ነበር የመጣችው። አምባው በአሮጊቷ በዳሲቱ ልጅ በቡልቻ ላይ ከባቡር ሰዎች ጉቦ በልቶ አስፈረደበት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እንደ ድዳ ዝም አለ፣ ይላሉ።

"የወንድሜን ንፍሮ እየቆረጠሙ ወንድሜን ይቆረጥሙታል" አለች ብዙወርቅ ጥርሷን ነክሳ። "ልጁን ሲያነጋግረው አንቺ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርሽ። አንድ ቃል ብትተነፍሺ ስሙ ይነጻል። እሱ እንደሆነ ሞቷል፤ ያም ልጅ ወህኒ ሞቷል። ለማን ብለሽ ነው ምሥጢር የምትጠብቂው?"

ፈለቀች ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች። በድንኳኑ መግቢያ በኩል አንድ ወጣት እንጨት ይፈልጣል። የዳሲቱ ታናሽ ልጅ ሮሪሳ ነው። ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠራው መጥቶ የድንኳኑን ካስማ መታ፤ ውኃ ቀዳ። መጥረቢያውን ባነሳ ቁጥር ትከሻው ወህኒ የሞተውን የታላቅ ወንድሙን የቡልቻን ትከሻ ይመስላል። ፈለቀች ቀና ብላ ባየችው ቁጥር ቡልቻ ከመቃብር ተነሥቶ ለአምባው ለቅሶ እንጨት የሚፈልጥ ይመስላታል።

ፈለቀች ያደገችው ሐዲዱ ዳር ነው፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ኦሮምኛን ከወንዙ ማዶ ካሉት የገበሬ ልጆች ጋር ስትጫወት አፏን ፈታችበት ማለት ይቻላል። አምባው የጥብቅና ሥራውን እቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ክፍል ሲጀምር፣ አማርኛ የማይሞላለት ባለጉዳይ በመጣ ጊዜ ሁሉ ይጠራት ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ፣ ባለጉዳዩ አግዳሚው ላይ፣ እሷ በሁለቱ መካከል በርጩማ ላይ።

የማስተርጎሙን ሕግ ያስተማራት በመጀመሪያው ቀን ነው። "'እንዲህ ይላል' አትበይኝ፣ ፈለቁ። 'እኔ' ብለሽ ተናገሪ። ሰውየውን ራሱን ልስማው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። እዚህ የገባ ቃልም የኔ አይደለም፣ ያንቺም አይደለም፤ የባለቤቱ አደራ ነው።" እሷም እንደታዘዘች ትናገርና፣ ስትጨርስ ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ ትጠብቃለች። ጥያቄው በሷ በኩል ያልፋል እንጂ መልሱ የሷ አልነበረም።

ቡልቻ ታስሮ ሳለ ሁለት ዘበኞች አጅበውት መጡ፤ አምባው ዘበኞቹን ከደጅ አቁሞ በሩን ዘጋ። ካሳሁን የሚባል የሐዲድ ጠባቂ፣ ሐዲድ የተሻገሩትን የእነቡልቻን ከብቶች ሲነዳ በዱላ ተመትቶ ሞቷል፤ ቡልቻም ለፖሊስ "እኔ ነኝ" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። አምባው በጸብ መካከል ሳያስበው እንደመታው ሊያስረዳለት አቅዶ ነገሩን ከሥሩ ጠየቀው። ልጁም ተናገረ። ፈለቀችም በተሰጣት ሕግ መሠረት፣ በገዛ አፏ እንዲህ አለች፦

"እኔ አልገደልሁም። የመታው ታናሼ ሮሪሳ ነው። ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው። እናቴ ከሁለታችን ሌላ የላትም፤ እሱን ከሚወስዱባት እኔን ይውሰዱኝ። ይህን ለሰው ከነገራችሁ ግን ሁለታችንንም ገደላችሁን።"

አምባው ከወንበሩ ተነሣ። ላልሠራኸው ወንጀል ወህኒ ስትወርድ ቆሜ ማየት አልችልም፣ አለው። እሷ ወደ ኦሮምኛ መለሰችው። ልጁ ፈገግ ብሎ የመለሰውን ዛሬም ድረስ በድምፁ ትሰማዋለች፤ "ጠበቃነትህ ለእኔ ከሆነ፣ የእኔን ቃል ጠብቅ።"

አምባው ጠበቀ። ዳኛ ፊት ሐሰት አልተናገረም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ቅጣት እንዲቀልለት ብቻ ለምኖ ተቀመጠ። ቡልቻም በሁለተኛው ክረምት ወህኒ ቤት በተስቦ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አምባው ምግብ አቅርበውለት እጁን ታጥቦ ሳይበላ የሚነሣ፣ መንገድ ላይ እማማ ዳሲቱን ካየ ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ሆነ። ያገሩ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ጥፋተኛ ምልክት ቆጠረበት።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሊሞት ሲል ትኩሳቱ ሲያይልበት፣ አምባው ዓይኑን ወደ በሩ ተከለ። "ቡልቻ መጥቷል" አላት። "ምን ይላል? ተርጉሚልኝ እንጂ።" በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ፈለቀች በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልሰማችውን ተረጎመች፤ "'አደራዬን ጠብቀህልኛል፣ እረፍ' ይላል" አለችው። እሱም ዓይኑን ጨፈነ። ቆይቶ ነው የታወቃት፦ "ይላል" ብላለች። "እኔ" ብላ አልተናገረችም። አምባው ያን ልብ ብሎት እንደሆነ እንግዲህ የሚነግራት የለም።

የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ። እማማ ዳሲቱ በከዘራ ተደግፈው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሮሪሳ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። አሮጊቷ አላለቀሱም፤ ደረትም አልመቱም። ባዶው ወንበር ድረስ መጥተው ቆሙና፣ ወደ ፈለቀች ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከለቀስተኛው ግማሹ ሰምቶ መሬት መሬቱን አየ።

ከፊት ተርታ የተቀመጡት ባላምባራስ ገብረጻድቅ፣ ያን ጊዜ ቡልቻ ላይ የፈረዱት ዳኛ፣ ኦሮምኛ አያውቁም። ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ ፈለቀች አዘነበሉ።

"ምን አለች?"

ብዙወርቅ በነጠላው ሥር የፈለቀችን ጭን ቆነጠጠች። "አሁን ነው" አለቻት በሹክሹክታ። "ዳኛውም አለ፣ አገሩም አለ። ተናገሪና ወንድሜን አውጪው።"

ፈለቀች ሮሪሳን አየችው። እሱም አያት። አልለመናትም፤ የእናቱን ክንድ ብቻ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ እንደሚፈረድበት ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ምሥጢሩን ማወቋን እንደሚያውቅ በዚያች ቅጽበት ገባት። አንድ ቃል ብትል የአምባው ስም ነጽቶ ይወጣል፤ ይህ ልጅ ከዚህ ድንኳን ወደ ወህኒ ይሄዳል፤ እኒህ እናትም ሁለተኛ ልጃቸውን አጥተው፣ የመጀመሪያው ስለምን እንደሞተ ያውቃሉ። ቡልቻ አፏ ውስጥ ነበር። ሞቆ፣ እየተነፈሰ፣ "እኔ" ሊል።

"ምን አለች፣ ልጄ?" አሉ ባላምባራስ ደግመው።

ፈለቀች ፍራሹ ላይ ወገቧን አቀናች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ በርጩማው ላይ እንደምታኖራቸው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ተረጎመች፦

"'ከልጄ ጋር እዚያ ክፍል የነበራችሁት ሁለት ናችሁ። ልጄም ሞተ፤ ባልሽም ሞተ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ልጄ ምን ብሏችሁ ነበር? ሳልሞት ንገሪኝ።'"

ተርጉማ ጨረሰች። ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ ፊቷን ወደ ባዶው ወንበር አዙራ ጠበቀች።