ግዴታ የለብህም

ሄኖክ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሰው ግን አያውቅም ነበር። ቆቦ መናኸሪያው ጀርባ በተከራያት የቆርቆሮ ክፍል ሲያስተምር፣ ካሳው ከተማሪዎቹ ጋር ፊተኛው ወንበር ላይ መቀመጡን እንደ ጽድቅ ቆጥሮት ነበር። የሄኖክ ታላቅ ወንድም ይርጋ፣ ጎብዬ ከተማ አጠገብ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልቶ የካሳውን ወንድም በአካፋ ፈልጦ ገድሎታል። ይርጋ ወህኒ ወረደ፣ ሽማግሌ ገባ፣ በሬ ታርዶ ደም ደረቀ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ካሳው ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር ሲማር፣ ሄኖክ እርቁ ሥር ሰደደ እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል አልሰማም እንዴ፣ ይኼ የዋህ?

የዚያን ቀን ጠዋት «ሃቭ ቱ» የምትለዋን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። «ሃቭ» ብቻዋን «አለኝ» ናት፤ «ቱ» ስትከተላት ግን «አለብኝ» ትሆንና ጫንቃ ላይ ትወጣለች፤ «ዋንት ቱ» ግን «እፈልጋለሁ» ብቻ ናት ብሎ አስረዳ። ከዚያ እያንዳንዱ ያለበትን እንዲናገር አዘዘ። አንዷ ሽንኩርቴን መሸጥ አለብኝ አለች፤ ሌላው ዋጃ መሄድ አለብኝ አለ። ካሳው ተነሣ።

«አይ ሃቭ ቱ ኪል ዩ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሄኖክም ስቆ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንከን አይወጣለትም አለ። ካሳው ከኮቱ ሥር ጩቤ ሲመዝ ሳቁ ቀጥ አለ፤ ወንበሩ ተገለባበጠ፤ ሰው እየተረጋገጠ በበሩ ወጣ። ሄኖክ ሊከላከል እጁን ቢሰነዝር መዳፉ ተተለተለ። ካሳው በጉልበቱ ሆዱን መትቶ ከሰሌዳው ጋር አጣበቀውና ጩቤውን ጉሮሮው ላይ ደገነ። ሄኖክ መማጸኛ ሲፈልግ የመጣለት ግን ያው ማስተማሩ ነበር፤ ልክፍት ነው መቼስ።

ማን ላከህ ብሎ ጠየቀው። ማንም አልላከኝም አለ ካሳው። እናትህስ? እናቱማ አንዱን ቀብሬአለሁ፣ ሌላውን ወህኒ አታሳየኝ፣ ባጠባሁህ ጡት ብላ ለምናዋለች። የአገሩ ሰውስ? እሱም ቢሆን እርቁን ተቀብሏል፤ ካሳውን ፈሪ ያለው የለም።

«አየህ፣ ካሳው ወንድሜ፣» አለ ሄኖክ፣ «ማንም ያልጫነብህን 'አለብኝ' አትልም። ተሳስተሃል። 'ሃቭ ቱ' እዚህ አትገባም። ግዴታ የለብህም።»

ካሳው አሰበበት። እውነት ነው፣ ከእናቱ እስከ ሽማግሌው አድርግ ያለው ሰው አልነበረም። ጩቤው ከጉሮሮው ራቅ አለ። ሄኖክ ተመስገን ብሎ ተነፈሰ።

ካሳው ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ሲታረም አይከራከርም።

«አይ ዋንት ቱ፣» አለና ጩቤውን እስከ እጀታው ሰደደበት።