ማህተም ያለበት አጥንት

ባለፈው ዓመት በጠራራ ፀሐይ በገዛ ግቢዋ ተደናቅፋ የወደቀች፣ በዚያ ብቻ የእጅ አንጓዋ እንደ ሸምበቆ ቀጭ ብሎ የተሰበረ የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ አጥንቷ እንዴት ብሎ ከሠላሳ ዓመት ወጣት አጥንት እኩል ይሆናል? ሱንዱስ የእናቷን የምርመራ ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ መልስ አላገኘችም። «የአጥንት ጥንካሬ፦ ጤናማ» ይላል። ከሥሩ የሐኪሙ ፊርማና ክብ ማህተም አለ።

ፖላንድ ተምራ፣ እዚያው በራጅ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታ ወደ ትውልድ ከተማዋ፣ ወደ ቱኒዝያዋ ስፋክስ ከተመለሰች ገና ሦስት ወሯ ነው። ከመጣች ወዲህ የማትጠረጥረው ነገር የለም፤ ራሷንም ጭምር። «ምናልባት እሷ ደህና ናት፤ በሽታ ፈላጊዋ እኔ ነኝ» አለች በልቧ።

ታላቅ ወንድሟን ናዚህን እንዲህ ያለ ሐሳብ አላስጨነቀውም። የማሽላ ገንፎውን እየዋጠ፣ በገንፎ የተለወሰ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«አየሽ፣ ዶክተር ፖላንድ? እናትሽ ብረት ናት! ቅዳሜ እንደ ልማዷ የመጀመሪያው መሰላል የሷ ነው።»

ቅዳሜ የወይራ ለቀማ ይጀመራል። ዘንድሮ ለቃሚ ጠፍቷል። የሰፈሩ ሴቶች የሚመጡት የሱንዱስ እናት፣ በአክብሮት ላላ ዘኪያ የሚሏት፣ መሰላል ላይ ቆማ ከዘፈነች ብቻ ነው፤ እናትየው ይህን ታውቃለች፣ ትኮራበታለችም። ሱንዱስ የምታውቀው ሌላ ነው። አጥንቷ የሳሳ ከሆነ አንድ ጊዜ ከመሰላል መውደቅ ዳሌዋን ይሰብራል። ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ተነሥታ ለመራመዷ ማንም ዋስ አይሆንም።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ወደ ተመረመረችበት ምርመራ ቤት ሄደች። ዋጅዲ የሚባለው ባለሙያ የመመርመሪያው አልጋ ላይ ተቀምጦ የቱና ሳንድዊች ይበላል። ቀይ ዘይቱ አልጋው ላይ በተነጠፈው ወረቀት ተንጠባጥቧል። ትራሱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሽበት ተጣብቋል። 

«የእናቴን ምስል አሳየኝ።»

«ምስል ምን ያደርግልሻል፣ እህቴ? ወረቀቱ ተሰጥቷችኋል እኮ።»

«አሳየኝ አልኩህ።»

በቅባታም ጣቱ ቁልፎቹን ነካካ። የእናቷ አከርካሪ ብቅ አለ። በታችኞቹ ሁለት አጥንቶች ላይ ድቡልቡል ነጫጭ ነገሮች ተደራርበው ያበራሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዝራር ይሆናላ።»

«ከነልብሷ ነው ያነሣሃት?»

«የሰው እናት ላራቁት ታዲያ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«የምትቀይረው ጋውን የለም? ሴት ባለሙያ የለችም?»

«አለች። ወልዳ ተኝታለች።»

«የዳሌዋስ ምስል የታል?»

«ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ አላየሽም? የሁሉንም ዳሌ ሳነሣ ጡረታ ልውጣ?»

«ሐኪሙ ይሄን አይቶ ነው የፈረመው?»

ዋጅዲ ከት ብሎ ሳቀ፤ ቱናው በጥርሶቹ መሃል ይታያል። «ሐኪሙ? ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፣ ሃምሳውን ባንዴ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ማሽኑ ጤናማ ካለ እሱ ምን ቤት ነው?»

«ድገምላት።»

«ከወር በኋላ ቀጠሮ አለ።»

ምስሉን በስልኳ አንሥታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የቱናው ሽታ ከአፍንጫዋ አልወጣም።

እናቷ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ታወጣለች።

«እማ፣ የዚያን ቀን የለበስሽው አዝራር ነበረው?»

«ምን አዝራር አለው ልጄ፣ ጆንያ እኮ ነው።»

«ጠዋት የወሰድሽው ነገር ነበር?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሰርቃ እንደ ተያዘች ሕፃን ፈገግ አለች።

«አጠናሁ።»

«ምን አጠናሽ?»

«ፈተና አይደል? ናዚህ የካልሲየም ኪኒን አመጣልኝ። ስምንቱን በእርጎ ዋጥኩት። አጥንትሽ ይሞላል፣ ታልፊያለሽ አለኝ። አለፍኩ!»

«አላለፍሽም፣ እማ። ኪኒኑ አጥንትሽ ውስጥ አልገባም። ሆድሽ ውስጥ ሳይሟሟ፣ ከአከርካሪሽ ፊት ለፊት ተኝቶ ነበር። ማሽኑ ኪኒኑንም አጥንት ነው ብሎ ቆጠረልሽ። ለዚህ እኮ ነው ከምርመራው በፊት አንድ ሙሉ ቀን ካልሲየም አይወሰድም የሚባለው። ማንም አልነገረሽም?»

«ማን ይነግረኛል? ስልክ ያነሣችው ልጅ መታወቂያ ያዢ ነው ያለችኝ።»

 ሱንዱስስ ራሷ መቼ ነገረቻት? ቀጠሮውን በስልክ ይዛላት ሥራ ፍለጋ ቱኒስ ሄዳ ነበር። ስድስት ዓመት ለማታውቃቸው አሮጊቶች በየቀኑ የደገመችውን ነገር ለገዛ እናቷ ሳትናገር ቀረች። ከዋጅዲ ይልቅ ራሷ ቀፈፈቻት።

ናዚህ ሲገባ ከበር ያዘችው። «ኪኒኑ ማሽኑን እንደሚያሳስት ታውቅ ነበር?»

«ካልሲየም መርዝ ነው? እናቱን ካልሲየም አበላ ብለሽ ክሰሺኛ!»

«ስምንት?»

«ፋርማሲው ነው ያለኝ» አለ፣ ዓይኑን ወደ ዓሣው እያሸሸ። እናታቸውን መሰላል ላይ ለማውጣት ሆን ብሎ እንዳደረገው ያን ጊዜ አወቀች። ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ማዕድ መብላቷ አንገሸገሻት።

«ቅዳሜ አትወጣም።»

«ማናት የማትወጣው?» አለች እናትየው፣ በዓሣ ደም የራሰ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ወረቀቴ ማህተም አለው። ያንቺ አፍ ማህተም አለው?»

ናዚህ እስኪያስለው ሳቀ።

ዓርብ ረፋድ ሱንዱስ ከወረቀቱ ራስጌ የሐኪሙን ቁጥር አገኘች። ምስሉን አያይዛ ጻፈችለት፦ «ዶክተር፣ አከርካሪው ላይ የሚታዩት ነጫጭ ክቦች ኪኒኖች ናቸው። ዳሌዋም አልተነሣም። እናቴ ነገ በዚህ ውጤት መሰላል ልትወጣ ነው። ውጤቱ እንደማያስተማምን አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ከእርስዎ ከመጣ ትሰማለች።»

ከቀትር በፊት ከመልእክቱ ሥር ያሉት ሁለቱ ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል።

ቅዳሜ ሱንዱስ ከለቃሚዎቹ ጋር ፒክአፑ ላይ ተሳፈረች። ቀኑን ሙሉ የእናቷን መሰላል እግር በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ከላይ ዘፈኑ ይወርዳል፤ ወይራው ፀጉሯ ላይ ይረግፋል። ናዚህ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የፖላንድ ዲግሪ መሰላል ያዘ!» እያለ ሴቶቹን ያስቃል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው። ለእናቷ ስትል እጇን ከመሰላሉ ማንሣት ስለማትችል፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ በጭኗ ታዳምጣለች። ሐኪሙ በዚያ ቀን አልመለሰም፤ ከዚያም በኋላ አልመለሰም።