ሳይደርስ የቀረው የሠራተኞች ቃል

ናጉሞ በጃፓኗ ናጋኦካ ከተማ በሚገኝ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበር። ሲፈጥረው ዝምተኛ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ጆሮው የሚቀላ፣ ንግግር አድርግ ሲባል ጉሮሮውን ጠርጎ ሁለት ዓረፍተ ነገር የማይሞላ። ይሁን እንጂ በዚያ ፋብሪካ ሰውን ከሰው ያዋደደ ማን ነው ቢባል ከእሱ በፊት የሚጠራ አልነበረም።

በሚያዝያ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ሠራተኛውን ሁሉ ወንዝ ዳር ከዛፍ ሥር አስቀምጦ የሚያበላ የሚያጠጣ እሱ ነው። የመኸሩን የሩጫና የገመድ ጉተታ ውድድር ያመጣው እሱ ነው። በበረዶው ወራት ወደ ፍል ውሃ የሚደረገውን ጉዞም እሱ ነበር የጀመረው። ከብረት ማቅለጫው ክፍል የመጣው ላብ አደርና ከላይ ፎቅ የወረደው መሐንዲስ አንድ ገንዳ ውስጥ አንገታቸው ድረስ ተዘፍቀው ሲሳሳቁ ያይና፣ «ልብሱን ያወለቀ ሰው አለቃና ጭፍራው አይለይም» ይል ነበር ለራሱ። ያ ደስታው ነበር።

አዲስ ምሩቃንን የሚመለምለውም እሱ ነው። ሚያዝያ ላይ ሥራ የሚጀምሩትን ልጆች ገና ተማሪ ሳሉ በየዩኒቨርሲቲው ዞሮ ይመርጣቸዋል፣ ከወላጆቻቸው ይነጋገራል፣ ቃል ያሲዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በጋ ከመረጣቸው ስምንት ልጆች አንዷ ቶጋሺ ሳዮ ትባል ነበር። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ከክፍሏ ብቸኛዋ ሴት።

አባቷ ኩማጂ ይባላል፤ ተራራ ላይ ሩዝ የሚያርስ ሰው ነው። ናጉሞን እቤቱ ተቀብሎ ሻይ ቀዳለትና ቁርጡን ነገረው።

«ልጄ ለመንግሥት የውሃ መሥሪያ ቤት ተፈትና አልፋለች። ደሞዙ ትንሽ ነው። ግን ውሃ የማይጠጣ ሰው የለም፤ ያ ቤት አይዘጋም።»

ናጉሞ ከተቀመጠበት ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ከምንጣፉ አገናኘ። «አባባ፣ እኛ ዘንድ ሰው አይቀጠርም፤ ቤተኛ ነው የሚሆነው። እንደ ልጄ ነው የምይዛት።»

ናጉሞ ቀና አላለም። በመጨረሻ ሳዮ ከበር ላይ ሳቀች። «አባዬ፣ ሰውየው ግንባሩን ሊልጠው ነው። እሺ በለው!»

እሺ አለ። የመንግሥቱ ሥራ ቀረ።

በዚያው መኸር ናጉሞ ስምንቱንም ልጆች ለውድድሩ ቀን ጠራቸው። ሥራ ባይጀምሩም ከወዲሁ ይላመዱ ብሎ ነው። ሳዮ ማንም ሳይጠይቃት ከማቅለጫ ክፍል ሰዎች ጋር ገመድ ያዘች። የክፍሉ አለቃ ሆካሪ፣ ዕድሜውን በእሳት ፊት የጨረሰ ክንደ ብርቱ ሽማግሌ፣ ተረከዟን ጭቃ ውስጥ ተክላ ስትጎትት አይቶ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ! መሐንዲስ ነሽ ወይስ በሬ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ ጋሼ፤ ሁለቱንም ነኝ!»

የማቅለጫው ክፍል አሸነፈ። ማታ ሆካሪ ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ እየቀዳላት፣ «ይቺን ለኛ ስጡን፤ ፎቅ ላይ አታበላሹብን» እያለ ሲያስቅ፣ ናጉሞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሆዱ በደስታ ሞላ።

የበረዶው ወራት እንደገባ ግን የሥራ ትእዛዝ ነጠፈ። አገሩን ሁሉ ያጥለቀለቀው የግንባታ ገንዘብ እንደ ጠዋት ጤዛ ረገፈና ሕንፃ የሚያቆሙት ድርጅቶች ያዘዙትን ፓምፕ አንድ በአንድ ሰረዙ። በየካቲት ምክትል ሥራ አስኪያጁ ዋኩይ ናጉሞን አስጠራው።

«ከስምንቱ ሦስቱ ይግቡ። አምስቱን አሰናብታቸው።»

«ቃል ሰጥተናቸዋል እኮ።»

«አውቃለሁ። በሴቷ ጀምር። እሷ ነገ ታገባለች፤ አትቸገርም።»

ናጉሞ አጎንብሶ ወጣ።

እንዲህ ያለ ወሬ ታፍኖ አይቀርም። በማግስቱ ሆካሪ ሦስት ሰዎች አስከትሎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ወደ ናጉሞ ቢሮ ገባ።

«ሰምተናል» አለ። «ሠራተኛው ተሰብስቦ ተነጋግሯል። የዘንድሮው ጉዞ ይቅር። የበጋው ቦነስ ይቅር። ካልበቃም ተራ ገብተን ያለ ደሞዝ እቤታችን እንቀመጣለን። ልጆቹ ይግቡ።»

«ጋሽ ሆካሪ… ሁሉም ተስማሙ?»

«ያጉረመረመ አልጠፋም። በኋላ ግን ሁሉም እጁን አወጣ። ምን ይገርምሃል? ቤተኛ ነን ስትለን የኖርከው አንተው አይደለህ? እኛ እኮ አምነንሃል።»

የናጉሞ ዓይን እንባ አቀረረ። «ዛሬውኑ አደርሳለሁ» አላቸው።

ደረጃውን ወጥቶ ከዋኩይ በር ደረሰ። ዋኩይ ስልክ ላይ ነበር፤ ከባንክ ሰዎች ጋር ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ ሻክሯል። ናጉሞ ጥቂት ቆመ። ጡረታው ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ወንድ ልጁ ገና አልተመረቀም። «አንዴ የተቆረጠ ነገር እንደገና አንስቼ ምን ልባል ነው? እንቢ ማለታቸው አይቀር» አለ በልቡ፤ ያነሳውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ ተመለሰ። በነጋታውም እበሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደረጃውንም አልረገጠው።

በሳምንቱ ሆካሪ ግቢ ውስጥ ጠብቆ ያዘው። «እህሳ?»

«ነገርኳቸው» አለ ናጉሞ፣ ዓይኑን ከበረዶው ሳያነሳ። «አይሆንም አሉ።»

ሆካሪ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» አለና ወደ እሳቱ ተመለሰ። ናጉሞን ያቺ እጅ ከጥፊ ይልቅ አመመችው።

ናጉሞ ቃሉ መፍረሱን ሊናገር እተራራው መንደር ሲደርስ በረዶው የቤቶቹን መስኮት አልፎ ነበር። ኩማጂ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም።

«የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቦታ…» አለ ናጉሞ።

«ሰው ገብቶበታል።» ኩማጂ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ምሳ ደርሷል፤ ቅመሱ።»

«ባቡር ያመልጠኛል» ብሎ ተነሣ። ባቡሩ ገና ነበር፤ እዚያ ቤት እህል አልወርድ ስላለው ነው።

ሳዮ ጃንጥላ ይዛ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው። ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ፣ «ጋሽ ሆካሪ ያውቃል?» አለችው።

«ያውቃል።»

«ምን አለ?»

«አዘነ» አላት።

ሚያዝያ ገባ፤ አበባውም ፈነዳ። ናጉሞ እንደ ልማዱ ወንዝ ዳር ሸራ አስነጠፈ። ሠራተኛው ጫማውን እያወለቀ በየክፍሉ ተደርድሮ ተቀመጠ። ሦስቱ አዲስ ምሩቃን ጥፋት እንዳለበት ሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሆካሪ ጠርሙስ ይዞ ተነሣና ዋኩይ ፊት ተንበርክኮ ቀዳለት።

«እንቢ ማለትዎን አልወቅስም» አለ። «የባንኩን ነገር እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ግን ትንሽ ሰንበት ብለው ቢያስቡበት ምን ነበረበት?»

«ምኑን?»

«ሠራተኛው የላከውን ነዋ! ቦነሱ ይቅርብን፣ ልጆቹ ይግቡ ያልነውን።»

ዋኩይ ጽዋውን አስቀመጠ። «ለኔ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ የለም።»

በዙሪያው የነበረው ጫጫታ ቀስ በቀስ በረደ። ሆካሪ ዘወር ብሎ ናጉሞን አየው። ረጅም አየውና የጠርሙሱን ክዳን መልሶ ገጠመው። ከዚያም ሸራው ጫፍ ድረስ ሄዶ ጫማውን አጠለቀ። ከኋላው አንዱ የማቅለጫ ሠራተኛ ተነሣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ናጉሞ ዳር ላይ የተደረደሩት ጫማዎች ጥንድ ጥንድ እያሉ ሲያልቁ ተቀምጦ አየ። ምግቡ ገና አልተነካም ነበር።

ዋኩይ ሰው ከሳሳ በኋላ ጠጋ አለው። «ለምን አላመጣኸውም?»

«እንቢ ይላሉ ብዬ ነው።»

ዋኩይ ወንዙን አየ። «ልል እችል ነበር» አለ። «ላልልም እችል ነበር።»

ይህች ቃል ናጉሞ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች።

ግብዣውም ጉዞውም ከዚያ ወዲያ ባይቀርም ነፍሱ ወጥቶ ነበር። ሰው ይመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል። ሆካሪ በር ላይ ሲያገኘው ሰላምታ አይነፍገውም፤ ጽዋው ውስጥ ግን ዳግመኛ አልቀዳለትም። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ የማቅለጫው ሰዎች ለብቻቸው መሸኛ ደገሱለት። ስንት ዓመት ሙሉ ሽኝት ሲያሰናዳ የኖረው ናጉሞ መደገሱን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

እሱም ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱንም ቀበረ። አንድ ቀን አንድ የድሮ ባልደረባው፣ ሳዮ ካሺዋዛኪ በምትባል ባሕር አጠገብ ባለች ከተማ የራሷን የፓምፕ ጥገና ቤት ከፍታለች ብሎ ነገረው። ብዙ ካመነታ በኋላ ሄደ።

ሳዮ አርባ ዓመት አልፏታል፤ ፀጉሯን ባጭሩ ተቆርጣለች። ገና ሲገባ ለየችው።

«አቶ ናጉሞ! ይግቡ እንጂ፣ ንፋሱ አይቻልም።»

ሻይ ቀዳችለት። እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው የመጣውን ጀመረ። «ያኔ ሠራተኞቹ ስለ እናንተ—»

«አውቃለሁ» አለች በቀስታ። «ጋሽ ሆካሪ በዚያው ሚያዝያ ቤታችን ድረስ መጥቶ ነግሮናል። አባቴ ፊት ተደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።»

«እሱ ምን አጠፋና?»

«እኛም እንዲሁ ነበር ያልነው።»

ናጉሞ ቀና ማለት አቃተው።

«ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። አሁን በርዶልኛል» አለች። «አባቴም ከሞተ ቆየ። ብቻ እኔም አሁን ልጆች እቀጥራለሁ። ደሞዙን እነግራቸዋለሁ፣ ሰዓቱን እነግራቸዋለሁ። ሌላ ነገር ልናገር አፌ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ። እምላቸው ቢቀርስ ብዬ እፈራለሁ።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ደግ መሆኑን እንጃ። ከሥራ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ስድስት ሰዎች ነን፤ አንድ ቀን አብረን በልተን አናውቅም።»

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማና አንድ ሠራተኛ ብቅ ብሎ ጠራት። ይቅርታ ጠይቃው ወጣች። ናጉሞ በመስኮቱ አያት፤ ከልጆቹ ጋር ከባድ ፓምፕ ከጭነት መኪናው ታወርዳለች። ልጆቹ ከሥራው በቀር እርስ በርስ ቃል አይለዋወጡም። አንድ ቀን ጥሪያቸው፣ አብዪያቸው፣ አትፍሪ ሊላት ፈለገ። ይህን ለማለት ግን ከሰው ሁሉ የማይገባው እሱ ነበር። ሻዩን ጨረሰ፣ ጽዋውን አጥቦ ደፋው፣ ኮቱንም ለብሶ ወጣ።