አሥረኛው ቡሎን

ልጄ በአሥራ አምስት ዓመት የምትበልጣትን መኪና ልትገዛ መሆኑን የነገረችኝ የሰው መኪና ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ነው። ሆን ብላ ነው፤ ዘልዬ እንዳልነሳ።

«ለሰንበት ነው? ለፎቶ?» አልኳት ከታች።

«ለየቀኑ ነው አባዬ። ለሥራ።»

ዘልዬ ተነሳሁ። ግንባሬ ላይ የወጣው እብጠት ሁለት ቀን ቆየ።

የምትሠራው ከከተማ ውጭ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለው የውሃ ማጣሪያ ነው፤ ውሃ ትመረምራለች። ጠዋት አርባ ደቂቃ ሽቅብ፣ ማታ አርባ ደቂቃ ቁልቁል፣ መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው የሚባል የለም። በዚያ መንገድ ነው እንግዲህ በአሮጊት መኪና ልትመላለስ ያሰበችው። ቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ነው የምንላት፤ ጡት ሳትጥል ነው ፍርድ የጀመረችው።

«አዲሶቹን አይቻቸዋለሁ» አለች። «ሲበላሹ አንዲት መብራት ያበሩና ዝም ይላሉ። የዚች ግን ሁሉ ነገሯ በዓይን ይታያል፣ በቁልፍ ይፈታል፣ በቁልፍ ይታሰራል። ደግሞ እንደ አንተ ያለ መካኒክ አባት አለኝ።»

የመጨረሻዋን የጨመረቻት እኔን ለማለስለስ ነው። ለሰለስኩም፣ ምን አባቴ ላድርግ!

በማግስቱ ጠዋት ይዛት ጋራዤ መጣች። ሻጯ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤ «አባትሽ ይያትና እስከ ስድስት ሰዓት አሳውቂኝ» ብላ ቁልፉን ሰጥታታለች። ከስድስት ሰዓት በኋላ አንድ ባለሆቴል ሊወስዳት አሰፍስፏል፤ እንግዳ መቀበያው ውስጥ አቁሞ አበባ ሊደረድርባት። ሞተር ባላት መኪና ላይ አበባ! ይሄንንስ ለጠላቴም አልመኝ።

ሰማያዊ ናት፤ ክብ መብራት፣ ቀጭን መሪ። በሯ ሲዘጋ «ድም» ይላል እንጂ እንደ ዛሬዎቹ እንደ ጣሳ አይንኳኳም። ዞርኳት። ከሥር አየኋት። ጎማዋን በእግሬ መታሁ፤ ጎማ መምታት የሚነግረው ነገር የለም፣ ግን ካልመታህ መካኒክ ነህ ብሎ የሚያምንህ የለም። እየወደድኳት መሆኑ ሲገባኝ ፊቴን አጨማደድኩ። ከዚያ ኮፈኗን ከፈትኩና ክው አልኩ።

ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ ቴስታታ የምንለው፣ በአሥር ቡሎን ነው የሚታሰረው። ከፊት ያሉት ቡሎኖች ራስ ላይ፣ ዘይትና አቧራ ያጠቆረው አረንጓዴ ነጥብ አለ። የእኔ አረንጓዴ ነው።

እኔ ሥራ የተማርኩት ጋሼ ዘንድ ነው። በጋሼ ጋራዥ አንድ ደንብ ነበር፤ ቡሎን አጥብቆ የጨረሰ ሰው ራሱ ላይ ቀለሙን ጠብ ያደርግበታል። የጋሼ ቀይ፣ የእኔ አረንጓዴ። «ቀለም ቃል ነው። ካልጠበቀ አትቀባ» ይሉ ነበር። እኔም ቃሉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዳኛዋ በልጅነቷ ብርጭቆ ሰብራ «እኔ አይደለሁም» ስትል «አረንጓዴ ትቀቢበታለሽ?» እላታለሁ። ያኔ ታለቅሳለች፣ እውነቱን ታወጣለች። በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ውሸት ላይ አረንጓዴ ቀብቻለሁ። እሷም ይቺው መኪና ናት። ያኔ ነጭ ነበረች፤ ነጩ ከኮፈኗ ሥር ዛሬም ይታያል፣ የሷ ዓይነትም ጋሼ ዘንድ ሌላ ገብቶ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቸኩያለሁ። አሥረኛውን ቡሎን፣ ከኋላ ቱቦው ሥር የተደበቀውን፣ ያለ ልክ ጎተትኩትና «ቀጭ» አለ። አንገቱ ተቆርጦ ራሱ እጄ ላይ ቀረ። ለጋሼ ብነግር ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ራሱን በማጣበቂያ ቦታው ላይ ለጠፍኩት፣ አረንጓዴዬን ጠብ አደረግሁበት፣ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ሰኞ የመኪናዋ ባለቤት መጥቶ ወሰዳት፤ ዳግመኛ አላየኋትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚያይ ሰው ባየሁ ቁጥር እሷ ትመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ልጄ በዚያች መኪና፣ በዚያ ጭር ባለ ዳገት፣ በየቀኑ!

«አትሆንሽም» አልኳት ኮፈኑን እየዘጋሁ። «ከሥር ዝጋለች።»

«የቱ ጋ?»

«ከሥር አልኩሽ እኮ።»

አጎንብሳ አየች። ብረቱ ንጹሕ ነው፣ እሷም ዕውር አይደለችም። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አባዬ፣ አረንጓዴ ትቀባበታለህ?»

ስንቱን ባለመኪና ያንቀጠቀጥኩ ሰው በራሴ ጥያቄ ተያዝኩ! ዋሽቼ ብትተዋት ደህና ትሆናለች፤ ግን ያ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በቤታችን ዋጋ የለውም። አምስት ሰዓት ሆኗል። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ዓርቡን፣ ማጣበቂያውን፣ ቀለሙን። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዳኛዋ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ያኔ እማዬ ሆድ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«በእኔ አታሳብ» አለች።

ወይ ልጅ መውለድ! ቀጥላ ከመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ባለ እጀታዋን ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪዬን አወጣች። «በል ተነስ፤ እንየው።»

መስታወቷን ከቱቦው ኋላ አስገባሁ። ባትሪውን እሷ ያዘችልኝ። አቧራውን በጨርቅ ጠረግሁትና እንደገና አየሁ። ሦስት ጊዜ አየሁ።

አሥረኛው ቡሎን ሙሉ ነው። ራሱ ላይ ያለው ነጥብ ቀይ ነው።

«ምን ሆንክ አባዬ?» አለችኝ። እንባዬ መስታወቱ ላይ ወርዶ ነበር።

«ጋሼ ናቸው» አልኳት።

ሣጥኔን ጭነን በመኪናዋ ወደ ጋሼ ቤት ሄድን፤ እሷ ነዳች። ጋሼ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው እምቢ ቢልም ጆሯቸው መርፌ ስትወድቅ ይሰማል። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መኪናዋን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አዩዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ችኩሉ፣ ዛሬ ገና ነው ኮፈኗን የከፈትከው?»

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከእኔ ጋራዥ መኪና የሚወጣው እሁድ እሁድ ቡሎኑን አንድ በአንድ ፈትሼ ነው። አሥረኛው እንደ ጠርሙስ ክዳን እጄ ላይ መጣ። እሁዴን ሙሉ ቴስታታዋን ብቻዬን ሳወርድ ዋልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ማን ዝም አለ? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከአሮጌ ሞተር የተሰበረ ቡሎን ስታወጣ የሰነበትከው ለምን ይመስልሃል? ለጤናህ?»

ያ ሳምንት ትዝ አለኝ። መዳፌ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ሠርቼ፣ «እኚህ ሽማግሌ ምን አድርጌያቸው ነው?» እያልኩ በሆዴ ስረግማቸው ነበር።

«መስበርህ አላናደደኝም» አሉ ጋሼ። «ብረት ነው፣ ይሰበራል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ያንገበገበኝ በላዩ አረንጓዴ መቀባትህ ነው። ዘጠኙ ግን ደህና ነበሩ፤ መልሼ ሳስር ቀለምህን አልነካሁብህም።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በከዘራቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ቆይ። ይቺ ልጅህ ናት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለሷስ ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ቀዩን ካየህ በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

አፌን ስከፍት ዳኛዋ ቀደመችኝ። «በፊት ነው አባባ» አለች። «አረንጓዴ እቀባበታለሁ።»

ጋሼ ከዘራቸውን ተደገፉ። ከዚያ ተነስተው፣ ያ እምቢ ባይ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ እስከ መኪናዋ ድረስ ክንዴን ይዘው መጡ።

«እንግዲያው አሥረኛውን በቁልፍ ሞክረው» አሉኝ። «ከጠበቀ፣ ከቀዩ ጎን የራስህን ቀባበት።»

ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። ዳኛዋ ለሻጯ ደውላ «ወስጃታለሁ» ስትል ሰዓቱ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር፤ እኔ ቀለሜንና ብሩሼን ከሣጥኔ እያወጣሁ ነበር።

ይኸው መኪናዋን ከገዛች ስምንት ወር ሆናት፤ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ደጃችን ላይ ክላክስ ታሰማለች፣ ከዚያ ዳገቱን ትወጣለች።