ሳይጨርስ ዘጉበት

የመኪናው ኮፈን መንገድ ላይ ተከፈተ። መከፈት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ብድግ ብሎ የፊት መስታወቱን ጓ ሲያደርገው ዓለም ጠፋች። መንገድ የለ፣ ሰማይ የለ፣ አንድ ሰፊ አረንጓዴ ቆርቆሮ ብቻ።

"እማዬ!" አለች ልጅቷ ከጎን።

"ዝም በይ።"

እናቷ፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ፍሬኑን ረገጠች፤ መሪውን ዳር ይሆናል ብላ ወደገመተችው ጠመዘዘች። ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ጥሩንባውን እያስጮኸ ጎናቸውን ታክኮ አለፈ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የተናገረው ልጅ ባለበት የሚደገም አይደለም። መኪናዋ ቆመች። ከኋላ የተጫኑት የመጋረጃ ዘንጎች ተንሸራተው በሁለቱ ወንበሮች መሃል አልፈው መጥተዋል። የአንዱ ጫፍ የልጅቷን ጆሮ ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷ ወረደች፣ ኮፈኑን በጡጫ ደልቃ ዘጋችው፣ በመጋረጃ ገመድ ከመከላከያው ጋር ጠፍራ አሰረችው፤ ልጅቷን ትምህርት ቤት አውርዳ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳች።

መካኒኩን ሰው ሁሉ የሚያውቀው "ቀስ በሉ" በሚል ስም ነው፤ አፉ ላይ ሌላ ቃል ስለሌለ። ገመዱን አየና ሳቀ።

"ምነው መጋረጃ፣ መኪናውን ሸብ አድርገሽ መጣሽ? በግ መሰለሽ?"

"ሳቅህን ስትጨርስ መቆለፊያውን እየው።"

አየው። በካቻቪቴ ነካካው፣ ዘጋው፣ ከፈተው፣ ደግሞ ዘጋው።

"ደህና ነው።"

"ደህና ከሆነ ለምን ተከፈተ?"

"ስላልተዘጋ። ላዩ ላይ ተጋድሞ ነው እንጂ አልተቆለፈም ነበር።"

"ማታ እኔ ነኝ የቆለፍኩት።"

"እንግዲያው ጠዋት የከፈተው ሰው አለ።"

 ነገሩ ከጀመረ ሰንብቷል፤ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስትወጣ ኮፈኑ ተከፍቶ በድጋፉ ዘንግ ቆሞ ታገኘዋለች። መቆለፊያው አርጅቷል ብላ ዘግታ ትሄዳለች። ለማሰብ ጊዜ የላትም፤ መጋረጃ የሚጠብቅ ሰው ሆቴል ከፍቶ እንግዳ እንደጠራ ሰው ነው የሚጮህባት። ዛሬ ደግሞ ወርዶ ተጋድሞ ስላየችው የተዘጋ መስሏት ተነሳች።

ባሏ ነበር እንዲህ የሚያደርገው። በየማለዳው ፊቱን እንኳን ሳይታጠብ ኮፈኑን ይከፍታል። "ይተንፍስ" ይላል። የዘይት መለኪያውን መዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ጨርቁን ሦስት ማዕዘን አድርጎ አጥፎ ባትሪው ላይ ያስቀምጣል። ባለፈው ዓመት እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ጎረቤት ደርሶ ሲያነሳው፣ መቼም ሰው ሲደነግጥ እጁ ሥራ አያጣም፣ አንዱ ኮፈኑን ድርግም አድርጎ ዘጋው። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ያን ቀን አላለቀሱም። በረንዳው ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት፦ "ምነው ሳይጨርስ ዘጉበት።"

"ፒን አስገቢበት" አለ ቀስ በሉ። "ሁለት ዘንግ ከታች ይቆማል፣ ኮፈኑን ቀዶ ብቅ ይላል፣ ከላይ ይሸጎራል። መቆለፊያው ቢለቅም ፒኑ አይለቅም። ሰይጣን ራሱ ካልነቀለው አይከፍተውም።"

"ሰይጣንን ምን አመጣው?"

"ለወሬ ያህል ነው፤ ቀስ በይ።"

ስልኳ ጮኸ። የባሏ እህት ናት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳትገባ ለአክስቷ ደውላ ጉዱን ዘርግፋዋለች።

"እማዬ ናት የምትከፍተው" አለች የባሏ እህት፣ ሰላምታም የለ። "ጭንቅላቷ ከድቷታል። ልጅሽን ልትገድልብሽ ነው።"

"እታለም፣ እማማ እኮ ብርጭቆ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። በዚያ ቁርጥማት ያንን ቆርቆሮ ያነሳሉ?"

"ታዲያ ማን ነው?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

"ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ዛሬ አድሮ ከተከፈተ ይዣት እሄዳለሁ። እኔ ጋ ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል አለ።"

"ከውጭ?"

"ምን ላድርግ? ሥራ ውዬ ነው የምገባው።"

ስልኩ ተዘጋ። ቀስ በሉ ያልሰማ መስሎ ብሎን ይቆጥራል።

መለዋወጫ ሱቁ ጋራዡ ፊት ለፊት ነው። ሻጩ የፒን ዓይነቶችን ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። አንደኛው በሽቦ የታሰረ መሸጎሪያ ያለው ነው፤ በጣት ይነቀላል። ሌላው እንደ ቀበቶ የሚሳብ ጎማ ነው። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ራስ ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ።

"የሽቦውን ውሰጂ" አለ ሻጩ። "ለእንደዚህ ያለ የድሮ መኪና ያምርበታል። የቁልፉ ጣጣ አለው፤ ዘይት ለማየት እንኳን ቁልፍ ፍለጋ ነው።"

"የቁልፉን ስጠኝ።"

"ሌባ አስቸገረሽ?"

"አይ።"

"ታዲያ ከማን ነው የሚቆለፈው?"

"ከነፋስ።"

"ነፋስ መቼ ቁልፍ ይፈራል" ብሎ ሳቀ። አልሳቀችለትም። ለሁለቱም ፒን የሚሆን ቁልፍ፣ ከትርፍ ጋር፣ በቀለበት አንጠልጥሎ ሰጣት።

ቀስ በሉ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን የሚይዘው ብረት ላይ በግራም በቀኝም በሳ፤ ዘንጎቹን አቁሞ በዳዶና በሮንዴላ አጠበቃቸው። ርቀቱን ግን በዓይኑ ሊገምት ሲል አላስቻላትም። ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር አውጥታ ለካች፣ በልብስ ጠመኔ ምልክት አደረገች።

"የግራው ወደ ውጭ ይበዛል።"

"በዓይን እኩል ነው።"

"መጋረጃም በዓይን እኩል ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ነው የሚያጋልጠው። አንቀሳቅሰው።"

አንቀሳቀሰው። ከዚያ የዘንጎቹን ጫፍ ቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ቀባና፣ ኮፈኑ ሲወርድ የት እንደሚነካ እንዲያሳይ ቀስ አድርጎ መልቀቅ ጀመረ። ኮፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ልቀቂው" አለ።

"አልያዝኩም።"

ቀና ብሎ አያት። ሁለቱም እጆቿ ኪሷ ውስጥ ናቸው። ኮፈኑ ትንሽ ቆየና፣ ሰው እንደሚያወርደው ሳይንኳኳ ወርዶ ዘንጎቹ ላይ አረፈ።

"ማጠፊያው ዝጎ ነው" አለ ቀስ በሉ።

ማጠፊያውን ቅድም እሱ ራሱ ዘይት ሲያጠጣው አይታለች። 

መልሰው ሲያነሱት ቀዩ ነጥብ ከውስጥ በኩል በሁለቱም ጎን ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ከግራው ነጥብ አጠገብ፣ አቧራው ላይ፣ የእጅ መዳፍ አለ። አራት ጣት። ዳር ላይ ያለችው ሌባ ጣት ከመሃሏ የተቆረጠች ናት።

ቀስ በሉ ያንን የባሏን ጣት ያውቀዋል። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሲበላው እዚሁ ጋራዥ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው።

"የሱ ነው" አለች።

"የሱማ ነው። ግን…" አለ ቀስ በሉ። "አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ አልሸፈነውም?"

"ብሳው።"

"ልጥረገው?"

"ብሳው አልኩህ እኮ። አትጥረገው።"

በሳው። የድሪሉ ጩኸት ጥሩ ነው፤ ሌላ ነገር አያሳስብም። የተበሳውን ጠርዝ ቀይ ቀለም ቀባ፣ ጠፍጣፋዎቹን ራሶች ገጠመ፣ አሳያት፦ ቁልፉን አስገብቶ ማዞር፣ መጫን፣ ማዞር። "ቀለሙ እስከ ነገ አይደርቅም። እንዳይነካ" አለ። መኪናውን ሲያስረክባት እንደሌላ ጊዜው "ቀስ በይ" አላላትም።

ቤት ስትደርስ አማቷ በረንዳው ላይ ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። መኪናው ሲገባ ተነሱ። ተጠግተው የፒኑን ራስ አዩት፤ አልነኩትም።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ቁልፍ ነው እማማ። ኮፈኑ መንገድ ላይ ተከፍቶ ልናልቅ ነበር።"

"ልጅቷም ነበረች?"

"ነበረች።"

አሮጊቷ ሹራባቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ታዲያ እሱ በምን ይከፍታል?" አሉ።

"ማን እማማ?"

"እኔ እንጃ" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

አንዱን ቁልፍ ከቤት ቁልፎቿ ጋር አሰረችው፤ ትራስጌዋ አደረ። ትርፉን "የቁልፍ ማሰሮ" የምትባለው፣ ከተሰበረ መርፌ እስከ ኮት አዝራር የምትውጠው ቆርቆሮዋ ውስጥ ጨመረች፤ ቆርቆሮዋን ከስፌት መኪናው ሥር፣ ከጨርቅ ክምር ኋላ አስገባቻት። የማን እጅ እዚያ ይደርሳል?

ጠዋት ኮፈኑ ተከፍቷል።

በድጋፉ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትርፉ ቁልፍ የግራው ፒን ላይ እንደተሰካ ነው። የዘይት መለኪያው ተጠርጎ ያበራል። ባትሪው ላይ ጨርቅ አለ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ። 

አማቷ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ፊታቸው እንደተኛ ልጅ ፊት ዘና ብሏል።

"እማማ፣ ማን ከፈተው?"

"እኔ ነኛ።"

"እንዴት አድርገው? ይከብዳል እኮ።"

"ይከብዳል! እኔማ አቅቶኝ ነበር። እጄን ይዞ አነሳልኝ።"

ያን ጊዜ ነው የሹራቡን እጅጌ ያየችው። ከአንጓው በላይ፣ ግራጫው ላይ፣ ቀይ ቀለም። የተረጨ አይደለም፣ የተለቀለቀ አይደለም። ሰው ጨብጦ የተወው። ጎን ለጎን ሦስት ረጃጅም ጣት፣ ዳር ላይ አንድ አጭር።

ራሳቸው ይሆናሉ። አንዱ እጅ ሲያቅታቸው በሌላው ይደግፉታል፤ ብርጭቆም እንዲያ ነው የሚያነሱት። የግራ ሌባ ጣታቸውን ደግሞ ቁርጥማቱ ቆልምሞታል። እጃቸውን ገልብጣ መዳፋቸውን ማየት ትችላለች። ቀለም ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። አንድ እርምጃ ነው።

"ታዲያ ዛሬ ጨረሰ?" አለች።

"የት ጨረሰ! ነገ ይላል።"

"ሁሌም ነገ ነው የሱ ነገር" አለች፤ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የሰማችው። በሕይወት እያለ በየጠዋቱ የምትለው ነው። አሮጊቷ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

ከግቢው በር ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። የባሏ እህት ናት።

"እጅ ወደ ላይ" አለቻቸው መጋረጃ ሰፊዋ።

"ምን ሆንሽ ልጄ?"

"እጅ ወደ ላይ እማማ፣ ሹራቡ ቆሽሿል።"

እንደ ሕፃን እጃቸውን አነሱላት። ሹራቡን አውልቃ ትከሻቸው ላይ የራሷን ሻርፕ ጣለች። በሩ ሲንኳኳ ኮፈኑን አውርዳ በሁለቱም በኩል ቆለፈች፤ ትርፉን ቁልፍ ከጨርቁ ጋር ኪሷ ከተተች። ልጅቷ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ የቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች። እናቷ አየቻት። ልጅቷ ምንም ሳትል ሄዳ የግቢውን በር ለአክስቷ ከፈተች።

"እህስ?" አለች የባሏ እህት ገና ሳትገባ። "ተዘግቶ አደረ?"

"አደረ። ነይ እይው።"

የባሏ እህት ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ኮፈኑን በሁለት እጇ ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም። ተንበርክካ ሥሩን አየች። ትንሽ ያፈረች መሰለች፤ ትንሽ ደግሞ ቀለል ያላት።

"እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?"

"ደህና። ወንድምሽ አሁን ነው የገባው።"

የባሏ እህት ወደ መጋረጃ ሰፊዋ ዞረች። "ሰማሽ? እንዲህ ነው የምትለው?"

"እንዲህ ማለት ማንን ገደለ?"

"አንቺ መዘዝ ታመጪያለሽ" አለች የባሏ እህት፣ ግን እናቷን ስማ፣ ሰዓቷን አይታ፣ ሻይ ይፈላ ሲባል ቸኩያለሁ ብላ ወጣች።

ልጅቷ መኪናው አጠገብ ቆማለች። "እማዬ፣ እንሂድ?"

"ቆይ።" መጋረጃ ሰፊዋ የግራውን ፒን ጎተተች፣ የቀኙንም ጎተተች። "ነይ አንቺም ጎትቺው። ጠንክረሽ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም እኔም ሳንጎትተው አንነሳም። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ተመልሳ ቤት ገባች። ሹራቡን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈች። ከኪሷ ትርፉን ቁልፍ አውጥታ በሩ አጠገብ፣ ባሏ ቁልፉን ይሰቅልበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ከፍ ይላል። አወረደችው፤ ሚስማሩን በፒንሳ ነቅላ፣ የአሮጊቷ እጅ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መታችው፤ ቁልፉን እዚያ ሰቀለችው።