የዩስቲና ጉልበት

"አጠፍኩት፣ አላመመሽም። ዘረጋሁት፣ አላመመሽም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው?" አለች አጋኔታ፣ አውራ ጣቷን ከልጅቷ የጉልበት ሎሚ ላይ ሳታነሳ።

"እዚያው ነው፣ አክስቴ" አለች ዩስቲና፤ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ ተጋድማ እንባዋን በአንድ ጣቷ ትጠርጋለች። "ጉልበቴን ነው የሚያመኝ።"

እሁድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አጋኔታ እናቷ ከሞተች ወዲህ የመንደሩ ወጌሻ እሷ ናት። በሜክሲኮ ቺዋዋ የሰፈሩት ጀርመንኛ ተናጋሪ የሜኖናይት እምነት ገበሬዎች ወለምታም ሆነ ውልቃት ሲያጋጥማቸው በቅድሚያ የሚያንኳኩት የእሷን በር ነው። ዛሬም ከግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ተራ ጠባቂዎች ተደርድረው የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ያወራሉ። ዩስቲና የሟች እህቷ የልጅ ልጅ ናት፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ያለፈው እሁድ እያነከሰች በእግሯ መጥታ ነበር። ዛሬ አባቷ አብራም አዝሏት ገባ።

አጋኔታ ከጉልበቱ ሥር የቀባችውን የአሳማ ስብ ልትጠርግ የልጅቷን ጭን ወደ ሆዷ አጠፈችው። ጭኑ ቀጥ ብሎ አልመጣም፤ ማንም ሳይገፋው ወደ ውጭ ዞረ። ወደ ውስጥ ልትመልሰው ስትሞክር ዩስቲና ጮኸች። አጋኔታ ቀስ ብላ አስተኛችውና ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አየቻቸው። አንደኛው ጣቶቹን ወደ ጣሪያው አቅንቷል፤ የታመመው ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። አውራ ጣቷን የልጅቷ ብሽሽት ላይ ገና ስታሳርፍ የዩስቲና ትንፋሽ ተቆረጠ።

አጋኔታ ክው አለች። ከቦሎቄ አጨዳ ጀምሮ በየእሁዱ ስታሸው የኖረችው ጤነኛ ጉልበት ነው። ሕመሙ የሚሰማት ጉልበቷ ላይ ይሁን እንጂ የተጎዳው ዳሌዋ ነበር። ልጅቷ ጉልበቴን ስላለች እሷም ጉልበት ብቻ አየች፤ ከዚያ በላይ ለማየት አልደከመችም።

"አብራም፣ መኪናህን አስነሳ። ሆስፒታል እንሄዳለን።"



"እኔን ሳትነኪኝ ልትሄጂ ነው?" አለ ከአግዳሚው ሽማግሌው ያኮብ፣ የወለቀ ትከሻውን ደግፎ። "እስክትመለሺ እኮ ሌላኛውም ይወልቃል!"

አብራም ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። "ያለፈው እሁድ እግሯ አጥሯል ብለሽ ስበሽው የለ? ዛሬም ሳቢውና ይግባ።"

"ያን ቀን እጄን ብሰበስብ ኖሮ ዛሬ በእግሯ ትመጣ ነበር" አለች አጋኔታ። "ዳሌዋ ነው። እንዳትረግጥ፤ በፍራሽ ላይ አድርገን እንውሰዳት።"

መንገዱን ሙሉ ከመኪናው ኋላ ከልጅቷ ጋር ተቀምጣ እግሯን በሁለት ትራስ መሃል ይዛ ሄደች። መኪናው በነጠረ ቁጥር ዩስቲና ታቃስታለች። አጋኔታ በየጊዜው ትራሶቹን ታጠጋጋለች፤ አፍራለች።

በሆስፒታሉ ወጣቷ ሐኪም ልጅቷን ራጅ አስነሥታ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለችው። የጭኗ አጥንት ራስ ከአንገቱ ላይ ተንሸራቷል። ሐኪሟ በስፓኒሽ ትጠይቃለች፣ አብራም ይመልሳል። አጋኔታ ስፓኒሽ የምታውቀው ከደጇ ላይ አይብ የሚገዟትን ለመሸኘት ያህል ነው። ቢሆንም የቀን ስሞችን ታውቃለችና አብራም "ትናንት" ሲል ሰማችው።

"ምን አልካት?" አለችው በራሳቸው ጀርመንኛ።

"ትናንት ከመኪና ላይ ወደቀች አልኳት። ማንም አልነካትም አልኩ።"

"ለምን ዋሸሃት?"

"ወጌሻ እንደነካት ካወቀች ለፖሊስ ትደውላለቻ! በታችኛው መንደር ወጌሻውን እንዳሰሩት ረሳሽው? አንቺን ከወሰዱብን ማን አለን?"

"እሷስ ምን አለች?"

አብራም ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። "ትናንት ከሆነ በኦፕሬሽን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ አለች።"

"የቆየ ከሆነስ?"

"የቆየውን በግድ ቢመልሱት ደም ሥሩ ይበጠሳል፣ አጥንቱ ይሞታል። ባለበት በብረት ይታሰራል እንጂ አይነካም ብላለች።" ድምፁ ቀነሰ። "መቆም ያቃታት እኮ ትናንት ነው፣ አክስቴ። ውሸት አይባልም።"

አጋኔታ ከማዶ አልጋው ላይ ያለችውን ልጅ አየች። አንዲት ነርስ ለኦፕሬሽን ልብሷን እየቀየረችላት ነው። አጋኔታ ፖሊሱን ፈራች፤ ከፖሊሱም ይልቅ ነገ በሯን የሚያንኳኳ እንዳይጠፋ ፈራች። ቢሆንም ተነሳች።

"ትናንት የለም" አለቻት ሐኪሟን በተሰባበረ ስፓኒሽ። "ቦሎቄ አጨዳ። ብዙ እሁድ። እኔ ጉልበት ማሸት። ያለፈ እሁድ፣ እኔ መሳብ።"

"አርጅታለች፣ ዶክተር፤ የምትለውን አታውቅም" አለ አብራም ቶሎ ብሎ።

ሐኪሟ እሱን አላየችውም። ወንበሯን ወደ አጋኔታ ሳበችና እንዲገባት ረጋ ብላ ጠየቀቻት፦ "እናት፣ እግሯን ሳብኩ ነው የሚሉት? በኃይል ነው ወይስ በቀስታ?"

አጋኔታ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበራትም። "ትንሽ" ማለትን ታውቃለች፤ አይብ ስትመዝን በየቀኑ ትለዋለች። ያን ብትል የሐኪሟ ፊት ይፈታ ነበር፣ አብራምም እፎይ ይል ነበር። አጋኔታ ግን የሐኪሟን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች፣ እግሯን ከጠረጴዛው እግር ጋር አስደገፈችና ያን እሁድ በሳበችበት ኃይል፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ሳበችው። ሐኪሟ ከወንበሯ ተነቅላ ተነሳች።

ያን እሁድ የሳበችው ሁለት ጊዜ ስለነበር፣ አጋኔታ ደግማ ሳበችው።